«መድኃኒቱን ሰውነቴ ለመደው» ስንል ሴላችን ውስጥ ምን ይሆናል?

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በሰፈራችን የዕድር አዳራሽ ያደረግሁት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻላችሁ ብዙዎች ስለጠየቃችሁኝ ከድምፅ ቅጂው ላይ ገልብጬዋለሁ። እንደተናገርኩት ነው የተውኩት።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?

እግዚአብሔር ይመስገን። እሁድ ከሰዓት ዘመድ የሚጠየቅበት፣ ቡና የሚፈላበት ሰዓት ነው። ያንን ትታችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። ጋሼ ሊቀመንበር፣ ይህን ሰዓት ስለሰጡኝ እግዜር ይስጥልኝ።

በጥያቄ ልጀምር። «ይሄን መድኃኒት ሰውነቴ ለመደው፣ እንደ ድሮው አይሠራልኝም» ብላችሁ የምታውቁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? ከግማሽ በላይ ነው። እኔም አውጥቻለሁ፣ በእናቴ ስም።

እንደምታውቁኝ ፋርማሲስት ነኝ። መድኃኒት ቤት ቆሜ ስውል ይህን አባባል በቀን ሦስት አራት ጊዜ እሰማዋለሁ። ሰው ይህን ሲል እውነቱን ነው። ግን «ለመደው» ማለት ምን ማለት ነው? ማን ነው የለመደው? ሆዳችን ነው? ደማችን ነው? የት ቦታ ነው የተለመደው? ዛሬ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው። መልሱ በዓይን ከማይታይ ትንሽ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። ያ ነገር ደግሞ ይንቀሳቀሳል። መድኃኒት ነው የሚያንቀሳቅሰው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ መድኃኒት ሲነካው ሴሉ በሩን ወደ ውስጥ እንዴት እንደሚስብ። ሁለተኛ፣ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሮቹ እንዴት እንደሚበዙ። ሦስተኛ፣ ሳይንቲስቶች ይህንኑ እንቅስቃሴ ለፈውስ እንዴት እንደተጠቀሙበት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ እናቴ ልንገራችሁ።

እናቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ብርዱን ታውቁታላችሁ። አስም አለባት። ዕድሜ ልኳን በጭስ ጎጆ እንጀራ ጋግራ ነው ያሳደገችን። ሰማያዊዋ ፓፍ፣ ሳልቡታሞል የምንላት፣ ከነጠላዋ ጫፍ ተቋጥራ ነው የምትውለው። ሌላ ሰው ብር በሚቋጥርበት ቦታ እሷ ትንፋሿን ትቋጥራለች። መጀመሪያ ሰሞን አንዴ ስባ አራት አምስት ሰዓት ትቆይ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ በአንድ የገና ሰሞን ልጠይቃት ሄድኩ። አጠገቧ ተኛሁ። ቋጠሮውን ስትፈታ እሰማለሁ። ጭስ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ። እንደገና ቋጠሮ። እንደገና ጭስ። ዶሮ እስኪጮህ ድረስ 11 ጊዜ ቆጠርኩ።

«እማዬ፣ ስንተኛሽ ነው?» አልኳት።

«እኔ እንጃ ልጄ። ሰውነቴ ለመደው መሰለኝ» አለችኝ።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፋርማሲስት ነኝ፣ የእናቴን መድኃኒት ስም ከነመጠኑ አውቃለሁ። «ለመደው» ያለችውን ግን በደንብ ላስረዳት አልቻልኩም ነበር።

እሺ፣ ወደ አንደኛው ነገር እንግባ።

ሰውነታችን የተሠራው ከሴሎች ነው። ሴል በቀጭን የስብ ሽፋን የተከበበ ግቢ ነው በሉት። ብዙ መድኃኒት አጥሩን ዘሎ አይገባም። በር ላይ ቆሞ ነው የሚያንኳኳው። በሩ በእንግሊዝኛ ሪሴፕተር ይባላል፣ በእኛ ተቀባይ ልንለው እንችላለን። ፕሮቲን ነው። የሳልቡታሞል ተቀባይ ቤታ ሁለት ይባላል። ቅርፁ ደስ ይላል፤ እንደ ስፌት ክር የሴሉን ሽፋን ሰባት ጊዜ ወጋ ወጋ አድርጎ ያልፋል። አንዱ ጫፍ ውጭ፣ ሌላው ጫፍ ውስጥ ነው። ሳልቡታሞል ከውጭ ሲነካው ውስጥ ያለው ክፍል ቅርፁን ይቀይራል። መልእክቱ ይተላለፋል። የሳንባ ቧንቧ ጡንቻ ይላላል። አየር ይገባል። ሮበርት ሌፍኮዊትዝና ብራያን ኮቢልካ የሚባሉ ሁለት አሜሪካዊ ሐኪሞች እነዚህ ተቀባዮች እንዴት እንደሚሠሩ በማሳየታቸው በ2012 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሌፍኮዊትዝ የልብ ሐኪም ነበር። ሥራውን ሲጀምር ተቀባይ የሚባል ነገር መኖሩን ራሱ የሚጠራጠሩ ሊቃውንት ነበሩ።

እስካሁን ያልኩት ትምህርት ቤት የሚባለው ነው፤ ቁልፍና በር። ቁልፉ ይገባል፣ በሩ ይከፈታል፣ አለቀ። እኔም እንደዚያ ነበር የተማርኩት። ግን በሩ አንድ ቦታ የተተከለ አይደለም። ይህን በዓይኔ ያየሁት ውጭ አገር ለትምህርት በሄድኩ ጊዜ ነው።

ጄሊፊሽ የምትባል የባሕር እንስሳ አለች። አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን አላት። ሳይንቲስቶች ያንን ፕሮቲን ከፈለጉት ፕሮቲን ጋር ይቀጥሉታል። ከዚያ በልዩ ማይክሮስኮፕ ሲያዩት የተቀጠለው ነገር የት እንዳለ እያበራ ያሳያል። ለዚህ ሥራም በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷል። እኛ ቤታ ሁለት ተቀባይ ላይ ነበር የቀጠልነው።

ጨለማ ክፍል ነው። ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኔን ተከልኩ። ሴሏ እንደ ቀለበት ሆና ታየች። ዙሪያዋን አረንጓዴ፣ መካከሏ ጨለማ። ተቀባዮቹ በሙሉ አጥሩ ላይ ናቸው ማለት ነው። ከዚያ መድኃኒት ጠብ አደረግሁ። አይሶፕሮቴረኖል ነው፣ የሳልቡታሞል ታላቅ ወንድም በሉት። ሰዓቴን አየሁ። ለጊዜው ምንም የለም። አምስት ደቂቃ አካባቢ ሲሆን ቀለበቱ መቆራረጥ ጀመረ። ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆነ። ነጠብጣቦቹ ወደ ውስጥ መሄድ ጀመሩ። ሩብ ሰዓት ሲሞላው ጨለማ የነበረው መካከል ጤፍ የተበተነበት መሰለ። አጥሩ ደግሞ ሳሳ። በሩ ከነመቃኑ ወደ ግቢው ውስጥ ገባ!

እመኑኝ፣ የዚያን ጊዜ ትዝ ያለችኝ እናቴ ነች። የነጠላዋ ቋጠሮ። «ለመደው» ያለችውን ነገር በአረንጓዴ መብራት አየሁት።

ታዲያ ሴሉ ይህን የሚያደርገው እንዴት ነው? እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ውበቱ እዚህ ነው።

መድኃኒቱ ተቀባዩን ሲነካው ውስጥ ያሉ ጠባቂዎች ያያሉ። አንደኛው ጠባቂ የተቀባዩን ጭራ ፎስፌት በሚባል ምልክት ይነቅሰዋል። «ይህ በር ተንኳኩቷል» እንደማለት ነው። ያንን ንቅሳት አይቶ አሬስቲን የሚባል ፕሮቲን ይመጣል። ስሙ ማስቆም ከሚል የእንግሊዝኛ ቃል የወጣ ነው። ሥራውም እንደ ስሙ ነው። መጥቶ ተቀባዩ ላይ ይለጠፍና መልእክቱ እንዳያልፍ ያግዳል። ይህ በሰከንዶችና በደቂቃዎች ውስጥ የሚሆን ነው። በሩ ገና ቦታው ላይ ነው፣ ግን ቢያንኳኩት የሚሰማ የለም።

ቀጥሎ ቅርጫት ይሠራል። አዎ፣ ቅርጫት! አያቴ ሞሰብ ትሰፋ ነበር። በአንድ እጇ አክርማ፣ በአንድ እጇ ወስፌ። መጀመሪያ ጠፍጣፋ ነገር ነው የምትሰፋው። ቀስ በቀስ ጠርዙ ወደ ላይ ይነሳል፣ ይጎደጉዳል፣ እቃ ይሆናል። ሴላችንም ልክ እንደዚህ ያደርጋል። ክላትሪን የሚባል ፕሮቲን ከሽፋኑ በታች እየተያያዘ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ጎን መረብ ይሠራል፣ እንደ ኳስ ስፌት። መረቡ እየጎበጠ ሲሄድ ሽፋኑን ከነተቀባዮቹ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ክላትሪን ብላ ስሙን ያወጣችለት ባርባራ ፒርስ የምትባል ተመራማሪ ናት፣ ካምብሪጅ ሆና፣ በ1976። ስሙን የወሰደችው መረብ ከሚል የላቲን ቃል ነው።

ቅርጫቱ ሞላ። አሁን አፉ መታሰር አለበት። ዳይናሚን የሚባል ፕሮቲን የጆንያ አፍ በሲባጎ እንደሚታሰር አንገቱ ላይ ይጠመጠምና ቆንጥጦ ይቆርጠዋል። ዳይናሚን ባይኖርስ? ሺቢሬ የሚባሉ የፍራፍሬ ዝንቦች አሉ። ሺቢሬ በጃፓንኛ መደንዘዝ ነው። የእነዚህ ዝንቦች ዳይናሚን ሙቀት አይችልም። ክፍሉ 29 ዲግሪ ሲደርስ ሲባጎው አይቆርጥም። ነርቮቻቸው መልእክት የሚይዙበት አዲስ ከረጢት ያጣሉ። ዝንቦቹ በቆሙበት ይደርቃሉ። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተነስተው ይበራሉ። ይቺን ትንሽ ቋጠሮ ሕይወት ምን ያህል እንደሚፈልጋት አያችሁ?

ከረጢቱ ወደ ውስጥ ገባ። ወዴት ይሄዳል? መናኸሪያ አለ። ኢንዶሶም ይባላል። እዚያ ተሳፋሪው ይለያል። አንዳንዱ ተቀባይ ንቅሳቱ ይታጠብለትና ወደ አጥሩ ይመለሳል። ሌላው ወደ ላይሶሶም ይላካል። ላይሶሶም ማለት አሲድ የሞላበት የሴሉ ወፍጮ ነው። እዚያ የገባ ይፈጫል፣ አይመለስም። ሴሉ እሱን ለመተካት አዲስ መሥራት አለበት። አዲስ መሥራት ደግሞ ጊዜ ይወስዳል።

አሁን ወደ እናቴ ሌሊት ልመልሳችሁ። ሳልቡታሞል አልፎ አልፎ ሲሳብ ችግር የለም። የገባው በር ይመለሳል። ግን በሌሊት 11 ጊዜ፣ በቀጣዩም ሌሊት፣ በቀጣዩም ሌሊት ከሆነስ? የሚመለሰው ከሚፈጨው እያነሰ ይሄዳል። አጥሩ ላይ የሚቀረው በር ያንሳል። ሰውየው መድኃኒቱ ሲያጥርበት ይጨምራል፣ ሲጨምር በሩ ይቀንሳል፣ በሩ ሲቀንስ ይጨምራል። ሲበዛ ማር ይመራል የሚሉት አባቶቻችን ላይሶሶምን ሳያዩ ነው።

እውነቱን ሳላጋንን ልናገር። ቤታ ሁለት በሮች ብዙ ናቸው፣ የሳንባ ጡንቻም ትርፍ በር አለው። ስለዚህ ሳልቡታሞል ፈጽሞ መሥራቱን አያቆምም። የሚደክመው በተለይ የመከላከል አቅሙ ነው። ሰውየው ጭስ ሲያገኘው፣ ብርድ ሲመታው፣ ሲሮጥ ቧንቧው እንዳይጠብ የሚያደርገው ጥበቃ ነው የሚሳሳው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሌላ ነው። አስም ውስጡ እሳት ነው፣ ቧንቧው ያብጣል። ሳልቡታሞል ጡንቻውን ያላላል እንጂ እሳቱን አያጠፋም። ሰው ፓፉን እየሳበ «ደህና ነኝ» ሲል እሳቱ ከሥር ይቀጥላል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? የሚሳበው ስቴሮይድ ነው፣ እንደ ቤክሎሜታዞንና ቡዴሶናይድ ያለው። እሳቱን ያጠፋል። ይሄን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ሥራ ግን አለው። ስቴሮይድ ሴሉ ውስጥ ይገባና «አዲስ ቤታ ሁለት በር ሥራ» ብሎ ያዛል! የተፈጩትን በሮች ያስተካል። ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው የሚሰጡት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የዓለም የአስም መመሪያ የሚያወጣው ጊና የሚባለው ቡድንም ከ2019 ጀምሮ አዋቂና ወጣት የአስም ታማሚ በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከም መክሯል።

ልብ በሉ! ልብ በሉ! «ሰማያዊውን ፓፍ ጣሉ» አላልኩም። አስም ሲነሳባችሁ ሳቡ። ሕይወት የሚያተርፍ መድኃኒት ነው። ያልኩት ቁጠሩ ነው። በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሳባችሁ ቁጠሩና ለሐኪማችሁ ንገሩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ የእናንተ ድክመት አይደለም፣ መድኃኒቱም ሐሰተኛ ሆኖ አይደለም። ከሥር ያለው እሳት አልተያዘም ማለት ነው።

እናቴን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ስቴሮይድ ፓፍ ታዘዘላት። መጀመሪያ ፈራች። «ይሄ ስሳበው ወዲያው አየር አይሰጠኝም» አለች። እውነቷን ነው፣ ወዲያው አይሰጥም። ቀናትና ሳምንታት ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚተወው እዚህ ላይ ነው። «እማዬ፣ አሁን በር እየተሠራልሽ ነው፣ አናጢውን አታባሪው» አልኳት። ሳቀች። ግን ገባት። ጠዋት ማታ ሳታቋርጥ ሳበች። ከዚያ አፏን ትጉመጠመጣለች፣ አለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ያወጣል።

ስለዚህ ነገር ብዙ ቆየሁ መሰለኝ። ይቅርታ፣ ከልቤ ስለሆነ ነው። ወደ ሁለተኛው ልለፍ።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። በር ላይ የሚያንኳኳ ሳይሆን በሩን የሚዘጋ መድኃኒት አለ። ለደም ግፊትና ለልብ የምትወስዱትን ታውቁታላችሁ፤ ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል። ፕሮፕራኖሎልን የሠራው ጄምስ ብላክ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው፣ በ1988 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። እነዚህ መድኃኒቶች የአድሬናሊን በር ላይ ቆመው አድሬናሊን እንዳያንኳኳ ያደርጋሉ። ልብ ትረጋጋለች።

ሴሉስ? ሴሉ ዝም አይልም። ማንም ሳያንኳኳ ሳምንት ሲያልፈው «ምነው ጸጥ አለ?» ይልና በር ይጨምራል። ፕሮፕራኖሎል ለጥቂት ቀናት የወሰዱ ጤነኛ ሰዎች ደም ውስጥ ያሉ ነጭ ሴሎች ሲመረመሩ የቤታ ተቀባይ ብዛት በ40 በመቶ ገደማ ጨምሮ ተገኝቷል። መድኃኒቱ እስካለ ድረስ ይህ ችግር የለውም። በሮቹ በዙ፣ ግን ተዘግተዋል።

በድንገት ቢቋረጥስ? ያ ሁሉ በር በአንድ ጊዜ ይከፈታል። የተለመደው አድሬናሊን ይመጣና እጥፍ ጩኸት ይሆናል። ልብ ትሮጣለች። የልብ ቧንቧው ለጠበበ ሰው ይህ አደገኛ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ፕሮፕራኖሎል በድንገት ያቆሙ የልብ ሕመምተኞች ደረታቸውን ሲያማቸው፣ አንዳንዶቹም ድንገተኛ የልብ ጥቃት ሲደርስባቸው አይተው ጻፉ።

እዚሁ ሰፈር የደረሰም አለ። ስሙን አልጠራም፣ ፈቅዶልኛል። ለቅሶ ደርሶበት ገጠር ሄደ። ኪኒኑ እቤት ጠረጴዛ ላይ ቀረ። «አራት ቀን ምን ያደርጋል» አለ። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ልቡ እንደ ከበሮ መደለቅ ጀመረ። ደረቱን ያዘው። ሰው በኀዘን መስሎት ውኃ ረጨው። ደግነቱ አንድ የጤና ባለሙያ ዘመድ ነበረና «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቀው። ያቺ ጥያቄ ናት ያተረፈችው።

እባካችሁ! ለቅሶ ስትሄዱ፣ ሰርግ ስትሄዱ፣ ጸበል ስትሄዱ ኪኒናችሁን ያዙ። ጸበሉንም ጠጡ፣ ኪኒኑንም ዋጡ። ማቆም ካለበት ሐኪም በሳምንትና በሁለት ሳምንት ቀስ እያለ ይቀንስላችኋል። ያ ጊዜ ለምን ያስፈልጋል? ሴሉ የጨመራቸውን በሮች እንዲያነሳ ነው። ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ሦስተኛው ተስፋ የሚሰጠው ነው።

በሩ እንደሚንቀሳቀስ ካወቅን ልናንቀሳቅሰው እንችላለን አይደል? በ1978 ፒትስበርግ ውስጥ ኤርነስት ኖቢልና ባልደረቦቹ በጦጣዎች ላይ አንድ ነገር ሞከሩ። አንጎል ውስጥ የሚመነጭ፣ የፆታ ሆርሞኖችን የሚያዝ ትንሽ ሆርሞን አለ። በተፈጥሮው በየሰዓቱ ጠብ፣ ጠብ እያለ ነው የሚመጣው። እነሱም በየሰዓቱ ጠብ ሲያደርጉት ሥራው ቀጠለ። ሳያቋርጡ ሲያፈስሱት ግን ቆመ! ያው ሆርሞን ነው። የተለየው አሰጣጡ ነው። ሁልጊዜ የሚንኳኳ በር እየተነሳ ይሄዳል፣ ሴሉም መልስ መስጠት ያቆማል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? የፕሮስቴት ካንሰር በወንድ ሆርሞን ነው የሚያድገው። ሊዩፕሮላይድ የሚባለው መርፌ ያንን የአንጎል ሆርሞን አስመስሎ ሳያቋርጥ ያንኳኳል። መጀመሪያ አንድ ሁለት ሳምንት የወንዱ ሆርሞን ይጨምራል። ለዚህ ነው ሐኪሞች በዚያ ጊዜ ሌላ መድኃኒት የሚደርቡት። ከዚያ በሩ ጠፍቶ ሆርሞኑ ይወድቃል። አሜሪካ ውስጥ ከ1985 ጀምሮ ይሰጣል። «ለመደው» ብለን የምናማርርበት ነገር እዚህ ራሱ መድኃኒት ሆነ።

ሌላው የኮሌስትሮል ነው። ጉበታችን ኮሌስትሮልን ከደም የሚለቅምበት ተቀባይ አለው። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ናቸው ያገኙት፣ በ1985 ኖቤል ተሸልመውበታል። ይህ ተቀባይ ታታሪ ነው። ኮሌስትሮሉን ይዞ ይገባል፣ መናኸሪያው ላይ አራግፎ ይመለሳል። አንድ ዙር አሥር ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው የሚፈጅበት። ሰማችሁ? አሥር ደቂቃ። ከመገናኛ ፒያሳ ታክሲ በአሥር ደቂቃ አይደርስም። ማታ ማታ የምትውጡት አቶርቫስታቲን ይህን በር ያበዛዋል።

በ2003 ደግሞ ይህን ታታሪ ወደ ወፍጮው የሚልክ ፒሲኤስኬ ናይን የሚባል ፕሮቲን ተገኘ። ተቀባዩ ላይ ይንጠለጠልና እንዳይመለስ ያደርገዋል። ቀጥሎ የመጣው ነገር ልብ ይነካል። በ2006 የወጣ ጥናት አንዳንድ ጥቁር አሜሪካውያን ይህ ፕሮቲን በተፈጥሮ ተበላሽቶባቸው እንደሚወለዱ አሳየ። መጥፎው ኮሌስትሮላቸው በ28 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር፣ የልብ ቧንቧ ሕመማቸው ደግሞ በ88 በመቶ። በራቸው ስለማይፈጭ ነው። ከዚያ በመነሳት በ2015 ፒሲኤስኬ ናይንን የሚይዙ መርፌዎች ተፈቀዱ። ዋጋቸው ገና ከእኛ አቅም በላይ ነው። ይህን ስናገር ያመኛል። መንገዱ የተገኘው ከጥቁር ሰዎች ደም ነውና ለእኛም መድረስ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ክሎሮኪን ታውቃላችሁ? ቆላ ያደጋችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ። እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ ለሥራ ቆላ ወስዶን ወባ ይዞኝ ነበር። መራራነቱ እስከ ማግስቱ ምላሴ ላይ ነበር። ሰውነቴን አሳክኮኝ አላስተኛኝም። ከብዙ ዓመት በኋላ ያንን ቤተ ሙከራ ስገባ መደርደሪያው ላይ ክሎሮኪን ተጽፎ አየሁ። «ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» አልኩ። ለካስ ላይሶሶም ውስጥ እየተከማቸ አሲዱን ያበርደዋል። ወፍጮው ይቆማል። ተቀባዮቹ ሳይፈጩ ይጠራቀማሉ። ተመራማሪዎች አንድ ተቀባይ ወደ ወፍጮ መሄድ አለመሄዱን የሚያውቁት በእሱ ነው። ያቺ መራራ ኪኒን!

ንግግሬን እዚህ ላይ ላቁም ብዬ ነበር። ግን እዚያ ጋ እማማ እጃቸውን አውጥተዋል። እማማ፣ ይበሉ።

(«ልጄ፣ የገባው በር ተመልሶ ይመጣል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።)

እማማ፣ ጥያቄዎ ከሁሉም ይበልጣል። ወደ ወፍጮ ያልተላከው ይመለሳል። እኔ ማይክሮስኮፕ ላይ ባየሁት መድኃኒቱን አጥቤ ስጠብቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ አብዛኛው ቀለበት ተመለሰ። የተፈጨው ደግሞ በአዲስ ይተካል፣ እሱ ቀናት ይፈልጋል። ሴል ቂም አይዝም። ፋታ ብቻ ስጡት።

(አንድ ወጣትም ስለ ሞርፊን ጠየቀኝ።)

ጎበዝ። ሞርፊን የተለየ ነው። ሌሎች የሱ ዘመዶች ተቀባያቸውን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ ሞርፊን ግን ብዙም አያስገባውም፣ አጥሩ ላይ እንዳለ ይተወዋል። እንዲያም ሆኖ ሰውነት ይለምደዋል። ለምን? ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። አንድ በር በተለያየ እጅ ሲንኳኳ የተለያየ መንገድ ይሄዳል፣ እሱ እርግጥ ነው። የካንሰር ሕመም ያለበት ዘመድ ያላችሁ ግን በዚህ ፈርታችሁ ሞርፊኑን እንዳትከለክሉት። መጠኑን ሐኪም ያስተካክለዋል። ሰው በሕመም መጮህ የለበትም።

እሺ። አሁን ወንበራችሁን እንዳትለቁ። ሦስት ባዶ ሃይላንድ ይዤ መጥቻለሁ፣ ግማሽ ሊትሩን። ከታች በፓፉ አፍ ልክ ቀድጃቸዋለሁ። ፓፉን እዚህ ትሰካላችሁ፣ በላይኛው አፍ ትስባላችሁ። መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ከመቅረት ሳንባ ይደርሳል። እናቴም በዚህ ነው የምትስበው። ባለፈው ጥምቀት ስሄድ ፓፏ ያው ከነጠላዋ ጫፍ ተቋጥራለች። «እማዬ፣ ትላንት ስንት ሳብሽ?» አልኳት። ቋጠሮውን አሳየችኝ። የእሁዱ ቋጠሮ ነው፣ ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

በሉ፣ ፓፍ ይዛችሁ የመጣችሁ አንድ በአንድ ወደ ፊት ኑ። አሳሳባችሁን ልይ።